የጋሽ ወንዳፍራሽ ጉድባ

«ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ምነው እኔ በሄድኩልህ፤ ምነው አንተን ትቶ እኔን በወሰደኝ» እያለች እትዬ ስንዱ ደረቷን እየደቃች ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ፣ ጎረቤቷ ጋሽ ወንዳፍራሽ መፋቂያውን እንደነከሰ በሩን ከፍቶ ብቅ አለና «ማን ነው የሞተው» ሲል ጠየቃት።

እትዬ ስንዱ ቀና ብላ አየችውና መልሳ አቀረቀረች። የተጀመረ ለቅሶ እንደ ቧንቧ ውሃ ባንዴ አይዘጋም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንሰቅስቃ ስታበቃ ነው ያየችው ነገር የገባት።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«የሞትከው ማለቴ ነው።»

«እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ይነዘንዘኛል እንጂ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ቆሙ። አንዷ ቀስ ብላ «እንግዲያው ሚስቱ አልጋነሽ ናታ» አለችና አዲስ ለቅሶ ልትጀምር አፏን ስትከፍት ጋሽ ወንዳፍራሽ እጁን አነሳ።

«አልጋነሽ እህቷ ቤት ናት። ትናንት በስልክ ሰድባኛለች፤ ጤነኛ ናት።»

ጥፋቱ የድንኳኑ ነበር። የትምህርት ቢሮ ሰዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው፣ ዛሬ ለሚመጣው ተቆጣጣሪ ጥላ ይሁነው ብለው ጋሽ ወንዳፍራሽ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተክለው ሄደዋል። ለማንም አልተናገሩም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ዘነበ ደግሞ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ድንኳኑን አየ፤ ዳቦውን ትቶ ተመለሰና ጡሩምባውን ይዞ በየብሎኩ እየዞረ «ጋሽ ወንዳፍራሽ አርፏል» ብሎ ነፋ። በዚያ ዘመን ለሁሉም ነገር መሣሪያ ተሠርቷል፤ የእድርን ጡሩምባ የሚተካ ግን አንድም አልተገኘም።

«ሳትጠይቅ?» አለው ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«ምን ብዬ ልጠይቅ ጋሼ? የሟች በር አንኳኩቼ ሞተዋል ወይ ልበል?»

ንፍሮው ተጥዷል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ሰዉም ሥራውን ጥሎ መጥቷል። የተጣደ ንፍሮ ሳይበላ ለቀስተኛ አይበተንም፤ ስለዚህ ሁሉም ተቀመጠ። ጋሽ ወንዳፍራሽም አለመሞቱ ትንሽ እያሳፈረው በሩን ተደግፎ ቆመ። ማን እንደመጣ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ምራቁን ዓይኑ ሥር እንደቀባ አንድ በአንድ ሲመለከት ግን ፊቱ ላይ አንዲት ደስታ ብጤ አለፈች። እንዲህ ያለ ዕድል ለማንም አይገጥምም።

ለእሱ ግን ያ ቀን መሞት የሌለበት ቀን ነበር። ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ ግቢው መናገር ያስፈልጋል።

የትምህርት ቤቶች መሬት አንድ በአንድ ለፎቅ ከተሰጠ በኋላ፣ ተማሪውም አስተማሪውም ከነጠመኔው ሜዳ ላይ ቀሩ። ትምህርቱ ግን መሰጠት ስላለበት ለየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ተከፋፈለ፤ ግቢው የደረሰውን ትምህርት ሆኖ ይኖራል፣ ተማሪም እየመጣ ያየዋል። እንደቤቱ ሁሉ ይህም በዕጣ ሆነ። አዳማ ዳር ካሉት ብሎኮች አንዱ የበረዶ ዘመን ደረሰው፤ ነዋሪው በዚያ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ጋቢ ደርቦ ይኖራል፣ ግድግዳው ላይ የጸጉራም ዝሆን ጥላ ሲያልፍም ቆሞ ያሳልፋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ብሎክ የምግብ መፈጨት ሥርዓት ደረሰው፤ እዚያ እንግዳ በዋናው በር ይገባል፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ግን ባይወራ ይሻላል። የጋሽ ወንዳፍራሽ ግቢ የባሕር ወለል ሲደርሰው ሰዉ እልል ብሎ ነበር። ዓሣ የሚታደል መስሎት ነው።

ዓሣ አልመጣም። የመጣው ወለሉ ነው። ግቢው መግቢያ አጠገብ ሸንተረሩ አለ፤ ረጅም፣ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ሁልጊዜ ትኩስ። ከስንጥቁ አዲስ ወለል ይወለዳል፤ ሴቶቹም እዚያ በርበሬ ያሰጣሉ። የተወለደው ወለል ቀስ እያለ፣ ለዓይን ሳይታይ፣ ሜዳውን ያቋርጣል። ሜዳው መሃል ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተላጨ ተራራ አለ፤ ወንዶቹ እዚያ ላይ ዳማ ይጫወታሉ፤ እሱም ከወለሉ ጋር ስለሚሄድ በየጊዜው ጎትተው ይመልሱታል። ጥግ ላይ ያለው የእትዬ ስንዱ ደጃፍ የአህጉር ጠርዝ ሆኖላታል፤ ጥልቀት የለውም፣ ፀሐይ ያገኛል፣ ተማሪ ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። እሷም ከዚያ ወዲህ አነጋገሯ ትንሽ ተቀይሯል፤ «እኛ ጠርዝ ላይ ያለን ሰዎች» ማለት አብዝታለች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጉድባው ደረሰው።

ጉድባው የባሕሩ መጨረሻ ነው። ያ ሁሉ ወለል ሜዳውን አቋርጦ ሲያበቃ እሱ ደጃፍ ላይ ያጎነብስና በበሩ መድረክ ሥር ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ የተረሳ ዕቃ ግን አብሮ አይወርድም፤ በር ላይ እየተፋቀ ይከመራል። ነጠላ ጫማ፣ የጀሪካን ክዳን፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የዳማ ጠጠር፤ አንዴ እንቁላሏን እንደታቀፈች አንዲት ዶሮ። ግቢው ውስጥ ዕቃ ጠፋብኝ የሚል ሰው ቢኖር «ምን አስጨነቀህ፣ ይደርሳል» ነው መልሱ። ጠዋት ጠዋት ሰው እየመጣ «ጋሼ፣ አንድ እግር ሰማያዊ ሸበጥ አልደረሰም?» ይለዋል። እሱም ክምሩን በከዘራው እያገላበጠ «ገና ነው፣ ትናንት ተራራው ጋ አይቼዋለሁ» ይላል።

ይህን ይችለው ነበር። ያስቸገረው ጨለማው ነው። በጥልቅ ባሕር ብርሃን ስለሌለ መስኮቱን ጥቁር ቀለም ቀብተውበታል። አምፖል ክልክል ነው። የተፈቀደለት ግንባሩ ላይ የምትታሰር አንዲት ትንሽ መብራት ብቻ ናት፤ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ግንባራቸው ላይ ብርሃን እንደሚሸከሙት ዓሦች። ሽሮውን ሲበላ ተማሪዎች በመስኮቱ ቀዳዳ ያዩታል። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፎ ነበር፤ በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ አፉን ከፈት ከደን ያደርግላቸዋል።

አልጋነሽ ግን አልቻለችም። «ፊትህን ካየሁት ቆየሁ» አለችው አንድ ማታ፤ «የማየው መብራቱን ነው። ያገባሁት መብራት አይደለም።» ባለፈው ሳምንት ልብሷን በፌስታል ቋጥራ እህቷ ጋ፣ የበረዶ ዘመን፣ ሄደች። በር ላይ ቆማ «ያ ጉድባ ከደጄ ካልተነሳ አልመለስም» አለች። አልጋነሽ ያለችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ጋሽ ወንዳፍራሽ አቤት አለ፤ ዛሬ የሚመጣው ተቆጣጣሪም ፍርዱን ይዞ የሚመጣ ነው። ሚስቱ የምትመለሰው ወይም የማትመለሰው ዛሬ ነው። የዕድል ነገር ሆኖ ዛሬውኑ የራሱ ለቅሶ ላይ ተገኝቷል።

ንፍሮው መታደል ሲጀምር የግቢው አስተማሪ መምህርት ምንትዋብ ተቆጣጣሪውን ይዛ ገባች። ተቆጣጣሪው ናሆም የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ድንኳኑ ሥር ጥቁር ለብሶ ያቀረቀረውን ሕዝብ አየና ቆመ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

መምህርት ምንትዋብ ዓይኗን አላሸችም። «ደለል ነው» አለች። «ባሕር ውስጥ ከላይ እየወረደ ሜዳው ላይ የሚከማቸው።»

ናሆም ጠጋ ብሎ አያቸው። «ደለሉ ንፍሮ ይበላል» አለ።

«ሕይወት ያለው ደለል ነው።»

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ተመለከተና «ሲሄድ አይታየኝም» አለ።

«ይሄዳል እኮ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ትክክለኛው ባሕርም የጥፍር እድገት ያህል ነው የሚሄደው።»

«የጥፍር እድገት ቆሜ ልጠብቅ?»

መምህርት ምንትዋብ ግድግዳው ላይ ወዳለው የወለሉ መዘውር ሄደችና ጠመዘዘችው። ሸንተረሩ አንዴ አገሳ። ወለሉም ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ጉዞ ጀመረ።

ለቀስተኞቹ አቀርቅረው ንፍሮ ስለሚቆረጥሙ መጀመሪያ አላስተዋሉም። አግዳሚዎቹ ግን ከነሰዉ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ በር መንሸራተት ጀምረው ነበር። የድንኳኑ ካስማ የተመታው ከወለሉ ውጪ ስለሆነ እሱ ባለበት ቀረ።

«ድንኳኑ ወደ ኋላ እየሄደ ነው» አለ ዘነበ።

«ዝም ብለህ ብላ» አለችው እትዬ ስንዱ። «ሐዘን ላይ ሰው እንዲህ ነው፣ ይዞርበታል።»

ናሆም ደስ አለው። ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዞረና «አቤቱታዎን አይተነዋል፤ ጉድባው ይነሳልኝ ነው የሚሉት?» ሲል ጠየቀ።

«አዎ ልጄ። ሚስቴ ወጥታብኛለች።»

«አዝናለሁ። ነገር ግን ጉድባ አይሰረዝም። እዚያ በር ላይ ወለል ከተወለደ እዚህ መውረድ አለበት። ካልወረደ ግቢው ይሞላና አጥሩን ጥሶ አስፋልት ላይ ይወጣል። የሚቻለው ማዛወር ነው። ደጃፉን የሚሰጥ ጎረቤት ካለ ዛሬውኑ እናዛውረዋለን።»

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጉድባውን የሚወስድ ማን ነው?» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ ድንገት ንፍሮው ላይ አተኮረ። አንዷ ባቄላዋን እየፈለፈለች ትመረምር ጀመር። ሰዉም ይህን ሲያደርግ ቀስ በቀስ ወደ በሩ እየቀረበ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ እትዬ ስንዱን አያት።

«እትዬ ስንዱ፣ ቅድም ስትገቢ ምን ብለሽ ነበር?»

«መቼ?»

«ደረትሽን እየመታሽ። ምነው እኔ በሄድኩልህ አላልሽም?»

«እሱማ ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ የተባለ ነገር ይያዛል እንዴ? እንደሱ ከሆነማ ባለፈው ዓመት ብቻ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሂጂልኝ አላልኩም። ሕይወትሽን አልጠየቅኩሽም፣ ደጃፍሽን ነው።»

«ሕይወቴን ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር» አለች እትዬ ስንዱ። «ደጃፌ ላይ አበባ ተክያለሁ።»

«ደጃፍሽ አንድ ነገር ቢሆን ለቅሶ እደርሳለሁ።»

«አውቃለሁ ትደርሳለህ። መብራትህን አጥፍተህ ና።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ዘነበ ዞረ። «አንተስ ዘነበ?»

«እኔ እኮ አላለቀስኩም ጋሼ» አለ ዘነበ። «የነፋሁ ብቻ ነኝ።»

ከዳር የተቀመጡት ሁለቱ የዳማ ተጫዋቾች ከልባቸው አዝነው ነበር። አንደኛው፣ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ባይሆን ኖሮ ደስ ብሎት እንደሚወስደው ተናገረ። ሌላኛው ቤቱ ምድር ላይ ስለሆነ ምንም አልተናገረም።

በዚህ መሃል የፊተኛው አግዳሚ ክምሩ ላይ ደረሰ። የእትዬ ስንዱ ጉልበት ከሸበጡ ቁልል ጋር ተነካካ፤ ቀና ስትል አፍንጫዋ ሥር የጋሽ ወንዳፍራሽ በር ነው። ሁለተኛው አግዳሚ መጥቶ ጀርባዋን ገፋት፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ገፋው። ሰዉ ትሪውን ከራሱ በላይ ይዞ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ። አንድም ንፍሮ አልፈሰሰም፤ እንዲህ ያለ የሠለጠነ ለቀስተኛ ነው ያ ግቢ ያለው።

«አያችሁ» አለች መምህርት ምንትዋብ፣ ድምፅዋ እየሞቀ፤ «ወለሉ ወደ ታች ሲገባ ደለሉ እንዲህ እየተፋቀ ጠርዙ ላይ ይከመራል፣ ይታጠፋል፣ ከጊዜ በኋላ ተራራ ይሆናል።»

«በጣም ግልጽ ነው» አለ ናሆም። «የደለሉ መታጠፍ በተለይ።»

«ጫማዬ ክምሩ ውስጥ ገባ» አለ ከመታጠፊያው ሥር የእትዬ ስንዱ ድምፅ።

ናሆም ፍርዱን ቆሞ ሰጠ። ፈቃደኛ ስላልተገኘ ጉድባው ባለበት ይቀጥላል። የጋሽ ወንዳፍራሽ ችግር ግን ከግምት ውስጥ ስለገባ የግንባሩ መብራት በትንሹ ደመቅ ባለ ይቀየርለታል። ግቢው ፈተናውን አልፏል። ጋሽ ወንዳፍራሽን ጨበጠና «እንኳንም ደኅና ሆኑ» አለው፤ ከዚያ መምህርት ምንትዋብ እስከ መኪናው ልትሸኘው ይዛው ወጣች። መዘውሩን የሚመልስ አልነበረም።

ሰዉ ከክምሩ ላይ አንድ በአንድ እየተነሳ ልብሱን ማራገፍ ጀመረ። ጋሽ ወንዳፍራሽን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። በሕይወት ስላለ እንዳዘኑለት ማሳየት ቸግሯቸዋል፤ ለዚህ የሚሆን ወግ የለም። እሱ መድረኩ ላይ ቆሞ ማታን አሰበ። ሽሮው፣ መብራቱ፣ ማዶ ባዶዋ ወንበር። ደመቅ ያለ መብራት ቢሰጡት የሚያሳየው ያቺን ወንበር ነው።

በዚህ ጊዜ ከግቢው በር በኩል ጩኸት ተሰማ።

የዘነበ ጡሩምባ የበረዶ ዘመን የደረሰው ዘግይቶ ነበር፤ እዚያ ጆሮ ሁሉ በጋቢ የተሸፈነ ነው። አልጋነሽ ከነጋቢዋ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች። ድንኳኑን አየች። ጥቁር የለበሰውን ሰው አየች። ሸንተረሩ ላይ፣ የተሰጣው በርበሬ መሃል፣ በጉልበቷ ወደቀችና ጋቢዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«አንተ ሰው፣ አንተ ሰው» አለች፤ «እንዲህ ልታደርገኝ ነው? ካልሲህን ማን ያጥብልሃል፤ እኔ ሳልኖር አንድ እግር ብቻ ታጥባለህ። ያቺን መብራት ምን አለ ትንሽ ብችላት። ምን አለ ብታዪው አልጋነሽ፣ አፉን ከፈት ሲያደርግ እኮ ያስቅሽ ነበር።»

እትዬ ስንዱ «ኧረ በሕይወት አለ» ልትል ተነሳች። ግን ወለሉን አየች፣ አልጋነሽን አየች፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ልትሮጥ የተነሳችውን ሴት ቀሚስ ያዘችና «ተዪያት» አለች በሹክሹክታ። «ትደርሳለች።»

አልጋነሽ እንደተንበረከከች መጣች። ወለሉ ከነበርበሬው ተሸክሟት ሜዳውን ያቋርጣል፤ እሷ ጋቢው ውስጥ ሆና ታለቅሳለች፣ ትወቅሳለች፣ ትዘረዝራለች። የ«ይቅር በለኝ» ተራ ሲደርስ ወለሉ ይበልጥ የቀዘቀዘ መሰለ፤ ሰዉ ሁሉ ጆሮውን አቀና። በተራራው ጎን ስታልፍ የዳማ ተጫዋቾቹ ቆብ አወለቁ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ከመድረኩ አልወረደም። ከዚያ ግቢ የጠፋ ነገር ሁሉ መጨረሻው የት እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዘራውን ዘረጋና መንገዷ ላይ የነበሩትን ሸበጦች ወደ ዳር ገፋላት።

ጉልበቷ ክምሩን ሲነካ አልጋነሽ ጋቢውን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አደረገች። መጀመሪያ ያየችው ሁለት እግር ነው፤ አንደኛው ካልሲ ታጥቧል፣ ሌላኛው አልታጠበም። ቀና አለች። ከላይ ግንባሩ ላይ ያቺ መብራት በጠራራ ፀሐይ ትበራለች፤ ከሥሯ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል። አፉን ከፈት ከደን አደረገ።

አልጋነሽ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጉድባው ካልተነሳ አልመለስም ብለሽ አልነበር?» አላት ጋሽ ወንዳፍራሽ።

አልጋነሽ ዓይኗን በጋቢዋ ጫፍ ጠራረገች። ጉድባውን አየች፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከእትዬ ስንዱ ትሪ ላይ አንድ እፍኝ ንፍሮ ዘገነች።

«እኔ የመጣሁት ለለቅሶ ነው» አለችው።